ከልና ኩል፤ ጥቁር ቀለም በመኖሪያ ቤት ውስጥ

በኢትዮጵያ ልማድ ጥቁር ቀለም ሁለት የተለያዩ ተግባሮች አሉት። ሐዘን የደረሰበት ሰው ነጭ ልብሱን ጥቁር አስነክሮ ከል ይለብሳል፤ ለሠርግ ወይም ለዓመት በዓል የምትዘጋጅ ሴት ደግሞ ዓይኗን በኩል ትኳላለች። ከሉ የለበሰውን ሰው ከሌላው ቀለም ሁሉ ይጋርደዋል። ኩሉ ግን ቀጭን መስመር ሆኖ በዓይን ዙሪያ ስለሚሰመር የዓይኑን ነጭ ይበልጥ ነጭ፣ ብሌኑንም ይበልጥ ብሩህ ያደርገዋል። ስለ መኖሪያ ቤት ቀለም በሚነሣበት ጊዜ ግን ባለቤቶችም ሆኑ ብዙ ባለሙያዎች የሚያስታውሱት ከሉን ብቻ ነው። ጥቁር ቤት ያጠባል፣ ብርሃን ይሰርቃል፣ መንፈስ ያከብዳል ይባላል። አባባሉ ሐሰት ባይሆንም ጎደሎ ነው። ጥቁር ከቀይ፣ ከቢጫና ከሰማያዊ ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ ሲውል ምን እንደሚሠራ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ የዘለቀ ልምድ አለ፤ ልምዱም አብዛኛውን ጊዜ የኩልን ሥራ የሚመስል ሆኖ ይገኛል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ጥቁር ወደ ቤት የገባው ሰው መርጦት ሳይሆን ጭስ ይዞት ነው። ምድጃው በቤቱ መካከል በሚነድበትና የጭስ ማውጫ በሌለው ጎጆ ውስጥ ጭሱ በሣሩ ክዳን እየተጣራ ሲወጣ ጥላሸቱ በወራጁ፣ በማገሩና በምሰሶው ላይ ይቀራል። ዓመታት ካለፉ በኋላ የጎጆው ጣራ ከውስጥ ሲታይ እንደ ተወለወለ ጥቁር ቆዳ ያብረቀርቃል። ይህ ጥቀርሻ እንጨቱን ከነቀዝ ስለሚጠብቅና ሣሩም ቶሎ እንዳይበሰብስ ስለሚረዳ ባላገሩ እንደ እድፍ ብቻ ቆጥሮት አያውቅም። ይህም ብቻ አይደለም። ከድስትና ከምጣድ ሥር የተፋቀው ጥላሸት ከተቃጠለ እህልና ከሙጫ ጋር ተዋሕዶ የብራና መጻሕፍት የሚጻፉበት ጥቁር ቀለም ይሆናል። ቁም ጸሐፊው ገጹን በዚህ ጥቁር ሞልቶ የቅዱሳንን ስም በቀይ ያወጣዋል፤ ቀዩም ከሩቅ የሚታየው ጥቁሩ ስለ ከበበው ነው። የግድግዳ ቀለም፣ የጽሕፈት ቀለምና ትምህርት በአማርኛ በአንድ ቃል መጠራታቸው ለዚህ ጉዳይ ያለአግባብ አይመስልም።

ከምድጃ የወጣ ጥላሸት ለብራናም ለግድግዳም እንዲውል የሚያዝዝ አንድ ጥንታዊ የሙያ መጽሐፍ አለ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ላይ የሮማው አርክቴክት ቪትሩቪየስ ስለ ሕንፃ ሥራ ከጻፋቸው 10 መጻሕፍት ውስጥ 7ኛው የልስንና የቀለም መጽሐፍ ነው። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ጥቁር ቀለም እንዴት እንደሚመረት በዝርዝር ተገልጿል። አንዲት ጉልላት ያላት ክፍል ትሠራና ውስጧ በእብነ በረድ ልስን ይለሰልሳል። ከፊቷ ምድጃ ይቆማል፤ ከምድጃውም ወደ ክፍሏ የሚያስገቡ ቀዳዳዎች ይተዋሉ። በምድጃው ውስጥ የዛፍ ሙጫ ይቃጠልና ጭሱ በቀዳዳዎቹ ገብቶ በክፍሏ ግድግዳና ጉልላት ላይ ጥላሸቱን ይለጥፋል። ጥላሸቱ ተጠራርጎ ከፊሉ በሙጫ እየተለወሰ ለጽሕፈት ይውላል፤ የቀረውን ለሳሾች ከማጣበቂያ ጋር አዋሕደው ግድግዳ ይቀቡበታል። ይህ ሁሉ መሣሪያ ያልተሟላለት ሠራተኛ የጥድ ስንጣሪ አክስሎ በሙቀጫ እንዲወቅጥ፣ ወይም የወይን አተላ አድርቆ እንዲያቃጥል ቪትሩቪየስ ይመክራል። ወይኑ በተሻለ መጠን ጥቁሩም እንደሚያምር፣ እንዲያውም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥልቀት እንደሚኖረው ጽፏል።

ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ከሁሉ የሚበልጠው ግን ስለ ብርድ ወራት መብል ክፍል የሰጠው መመሪያ ነው። በብርድ ወራት በዚህ ክፍል እሳት ይነዳል፣ መብራትም ይበዛል፤ ስለዚህ በረቀቀ ሥዕልና በስስ የኮርኒስ ጌጥ ማስዋብ ከንቱ ድካም ነው፤ ጭሱና ጥላሸቱ ያበላሸዋል። በዚህ ምትክ ከግድግዳው ግርጌ ከፍ ብሎ ጥቁር ሰሌዳዎች እንዲቀቡና እንዲወለወሉ፣ በመካከላቸውም ቢጫ ወይም ደማቅ ቀይ ሽብልቆች እንዲገቡ ያዝዛል። ጥቁርን ከደማቅ ቀለም ጋር ስለ ማቀናጀት በአርክቴክት እጅ ተጽፎ ከቆዩን መመሪያዎች ሁሉ ይህ ከጥንታውያኑ አንዱ ሲሆን መነሻው ውበት ሳይሆን የጽዳት ጉዳይ መሆኑ ሊስተዋል ይገባዋል። ወለሉንም አልረሳውም። ግሪኮች ለብርድ ወራት የመብል ክፍላቸው መሬቱን 2 ጫማ ያህል ቆፍረው የከሰል፣ የኖራ፣ የአሸዋና የአመድ ድብልቅ ያነጥፉበት እንደነበረ ይተርካል። ይህ በመሳያ ድንጋይ ሲታሽ ጥቁር ወለል ይሆናል፤ ከዋንጫ የፈሰሰ ወይን ወዲያው ይደርቅበታል፤ በባዶ እግራቸው የሚያሳልፉት አሽከሮችም ብርድ አይሰማቸውም። የአሽከሮቹ እግር በአንድ የግንባታ መመሪያ ውስጥ መታሰቡ ከብዙ ዘመናዊ የሥራ ዝርዝሮች የተሻለ አስተዋይነት ነው።

መመሪያው በወረቀት ብቻ አልቀረም። በሚያዝያ 2024 በፖምፔይ ፍርስራሽ 9ኛ ክልል በተካሄደ ቁፋሮ 15 ሜትር ያህል ርዝመትና 6 ሜትር ያህል ስፋት ያለው የግብዣ አዳራሽ መገኘቱ ተገለጸ። ግድግዳዎቹ ጥቁር ናቸው፤ ወለሉ ከአንድ ሚሊዮን በላይ በሆኑ ትናንሽ ነጭ ጠጠሮች የተነጠፈ ነው። በጥቁሩ ላይ ሔለንና ፓሪስ፣ አፖሎና ካሳንድራ በቀለማት ተሥለዋል። የቦታው ሥራ መሪ ጋብሪኤል ዙክትሪገል ጥቁሩ የተመረጠበትን ምክንያት ሲያስረዱ የዘይት መብራቶቹ ጥላሸት በግድግዳው ላይ እንዳይታይ ነው ብለዋል። ቪትሩቪየስ በጻፈ በመቶ ዓመት ውስጥ በተቀባ አዳራሽ ላይ ያው ምክንያት ይታያል ማለት ነው።

ይሁንና ምክንያቱ ጥላሸት ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥቁሩ እንደ ማድቤት ግድግዳ ተቀብቶ በቀረ ነበር። በቬሱቪየስ ተራራ ግርጌ በቦስኮትሬካዜ የነበረው ቪላ ሌላ ነገር ያሳያል። ቪላው የንጉሠ ነገሥት አውግስጦስ ወዳጅና አማች የነበረው የአግሪጳ ቤት ሲሆን ከእርሱ በኋላ ለልጁ ለአግሪጳ ጶስቱሙስ ተላልፏል። በ1903 ተገኝቶ እስከ 1905 ተቆፈረ፤ በ1906 ተራራው በድጋሚ በፈነዳ ጊዜ ተመልሶ ተቀበረ። ከመቀበሩ በፊት ከግድግዳው ከተነሡት ሥዕሎች መካከል የጥቁሩ ክፍል ግድግዳዎች ዋናዎቹ ሲሆኑ ከፊላቸው በ1920 ወደ ኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ገብተዋል። በዚያ ክፍል ጥቁሩ አብዛኛውን ግድግዳ ሸፍኖታል። በላዩ ላይ ከሸምበቆ የቀጠኑ ዓምዶች፣ ዝይ የሚመስሉ የአፖሎ ወፎችና ጥቂት ቢጫ ሰሌዳዎች አሉ፤ በቢጫዎቹ ላይ የግብጽ አማልክት ተሥለዋል። ቢጫው ሰሌዳ ከእጅ ብዙም የማይሰፋ ሆኖ ሳለ ክፍሉን የሚገዛው እርሱ ነው። በነጭ ግድግዳ ላይ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ቢጫ ከቁም ነገር ባልተቆጠረ ነበር።

እዚህ ላይ የዘመናችን ቀለም ቀቢ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው አንድ የአሠራር ምሥጢር አለ። የሮማውያን ጥሩ ልስን በቪትሩቪየስ ዝርዝር መሠረት 3 ድርብ የአሸዋ፣ 3 ድርብ ደግሞ የእብነ በረድ ዱቄት ያለበት ነው። ቀለሙ ገና ባልደረቀው ልስን ላይ ይቀባል፤ ከዚያ ይወለወላል፤ መጨረሻውም የቆመውን ሰው መልክ እንደ መስተዋት የሚያሳይ ገጽ ነው። እንዲህ ያለው ጥቁር ብርሃን አይውጥም። በሌሊት የመብራቶቹ ነበልባል በግድግዳው ላይ ይደገማል፤ ክፍሉ ይሰፋል እንጂ አይጠብም። ዛሬ በብዙ ቤት የሚቀባው ደብዛዛ ጥቁር ግን ካረፈበት ብርሃን ከመቶ 5 ያህሉን ብቻ ይመልሳል፤ የሚመልሰውም በየአቅጣጫው ተበትኖ ነው። ጥቁር ቤት ያጠባል የሚለው ወቀሳ ከቀለሙ ይልቅ በአብዛኛው የገጹ አጨራረስ ወቀሳ ነው።

ስለ ደማቆቹ ቀለሞች ደግሞ ዋናው ችግር ዋጋቸው ነበር። ቪትሩቪየስ በዘመኑ ባለጸጎች ሙሉ ግድግዳ በደማቅ ቀይ መቀባታቸውን እያማረረ፣ ውድ ቀለሞች በውል ውስጥ ተለይተው በባለቤቱ እንጂ በተቋራጩ እንደማይቀርቡ ይናገራል። በግንባታ ውል የተፈተነ ባለሙያ የዚህን አንቀጽ ጥበብ ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም። ፋቤርዩስ የተባለ ጸሐፊ በሮም አቬንቲን ኮረብታ ላይ ያለውን ቤቱን ዐምደ ብዙ አደባባይ በዚሁ ውድ ቀይ አስቀብቶ በ30 ቀን ውስጥ ቀለሙ ተበላሽቶ ዝንጉርጉር ሆነበት፤ እንደገናም በሌላ ቀለም ለማስቀባት ተገደደ። ቀዩ የሲናባር ማዕድን ሲሆን ፀሐይ ሲያገኘው ይጠቁራል፤ የዘመኑ ምርመራም ከብርሃኑ ጋር ክሎሪን ያለባቸው ጨዎች እንደሚተባበሩ አሳይቷል። መድኃኒቱ ትኩስ ሰም ከጥቂት ዘይት ጋር መቀባትና በንጹሕ ጨርቅ ማሸት ነበር። ሳይታሰብ የመጣ ጥቁር ቤት ሲያበላሽ የታየበት ታሪክ ይህ ነው፤ ታስቦ በተቀመጠው ጥቁር ግን ማንም አልተማረረም።

ከሮም መውደቅ በኋላ ባሉት ብዙ ምዕተ ዓመታት የጥቁርና የደማቅ ቀለም ቅንብር በአውሮፓ ቤቶች ውስጥ አልፎ አልፎ እንጂ በአንድ ሥርዓት አልታየም። በጃፓን ግን የዛፍ ፈሳሽ የሆነው ላከር በብዙ ድርብ እየተቀባና እየታሸ ጥቁር ዕቃን ከወርቅ ጋር ማዋሐድ የቆየ ጥበብ ነበር። ደራሲው ጁንኢቺሮ ታኒዛኪ በ1933 ባወጣው የጥላ ውዳሴ በተባለው ድርሰቱ ይህ ጥበብ ለኤሌክትሪክ ሳይሆን ለሻማ ብርሃን የተፈጠረ መሆኑን ተከራክሯል። አየርላንዳዊቷ አይሊን ግሬይ ይህንኑ ሙያ በፓሪስ ከጃፓናዊው ሴይዞ ሱጋዋራ ተምራ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ በሩ ደ ሎታ የአንድ መኖሪያ ቤት መተላለፊያን በላከር ሰሌዳዎች አልብሳለች። እነዚህ ሁሉ የባለጸጋ ቤቶች ናቸው፤ የፖምፔዩ አዳራሽም እንዲሁ። ጥቁር የመካከለኛ ኑሮ ባላት እናት ቤት ውስጥ ከቀይ፣ ከቢጫና ከሰማያዊ ጋር ተዋሕዶ የታየው በሆላንድ አገር በኡትሬክት ከተማ ነው።

ትሩስ ሽሮደር በ1889 የተወለደች፣ የመድኃኒት ቅመማ የተማረች ሴት ነበረች። ጠበቃ የነበረው ባሏ በ1923 ሲሞት 3 ልጆች ይዛ ቀረች። ከዚያ በፊት በ1921 በባሏ ቤት ውስጥ ለራሷ የምትሆን አንዲት ክፍል እንዲያድስላት ገሪት ሪትፌልት ለተባለ አናጢ ሰጥታው ነበር። ሪትፌልት በ1888 የተወለደ፣ ከአባቱ ሱቅ የእንጨት ሥራ የተማረ፣ ከ1919 ጀምሮም ደ ስታይል ከተባለው ቡድን ጋር የተቀላቀለ ሰው ነው። ቡድኑ በ1917 በቴዎ ፋን ዱስቡርግ መሪነት በወጣው መጽሔት ዙሪያ የተሰበሰበ ሲሆን ሠዓሊው ፒት ሞንድሪያንም ከአባላቱ አንዱ ነበር። እነዚህ ሰዎች ቀለምን ወደ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ፣ ከዚያም ወደ ጥቁር፣ ነጭና ግራጫ ወሰኑት። የሪትፌልት ዝነኛ ወንበር የዚህ አሳብ አጭር ማብራሪያ ነው። ወንበሩ በ1918 ገደማ ሲሠራ ቀለም አልነበረውም፤ በ1923 ገደማ መደገፊያው ቀይ፣ መቀመጫው ሰማያዊ፣ አጥንቱ ሁሉ ጥቁር ሆኖ ተቀባ። የጥቁሮቹ እንጨቶች ጫፍ ብቻ ቢጫ ነው። ጥቁሩ እንጨቱን ከዓይን ስለሚያርቀው ቀዩና ሰማያዊው ሰሌዳ በአየር ላይ የተንሳፈፉ ይመስላሉ፤ ቢጫው ጫፍ ደግሞ እያንዳንዱ እንጨት የት እንደሚያልቅ ይናገራል።

ቤቱ በ1924 የተሠራው በአንድ ረድፍ የጡብ ቤቶች ጫፍ፣ በዚያን ጊዜ ሜዳ ይታይበት በነበረ ቦታ ነው። የላይኛው ፎቅ ግድግዳ የሌለበት አንድ ክፍል እንዲሆን የፈለገችው ሽሮደር ራሷ ነበረች፤ ልጆቿ ከእርሷና ከእንግዶቿ ንግግር ተለይተው እንዳያድጉ ነበር አሳቧ። የከተማው የግንባታ ደንብ ይህን ስለማይፈቅድ ፎቁ በፕላኑ ላይ ቆጥ ተብሎ ተመዘገበ። ማታ ማታ ተንሸራታች ሰሌዳዎች እየተሳቡ መኝታ ክፍሎች ይሆናሉ፤ ጠዋት ይከፈታሉ። ግድግዳ ሲጠፋ ክፍሎችን የሚለየው ምንድን ነው? ቀለም ነው። ወለሉ በቀይ፣ በጥቁር፣ በግራጫና በነጭ አራት ማዕዘኖች ተከፋፍሏል፤ የአንዱ ልጅ ስፍራ የት አልቆ የሌላው የት እንደሚጀምር እግር ሳይጠይቅ ያውቃል። የመስኮትና የበር መቃኖች ጥቁር ሆነው በነጭና በግራጫ ገጾች መካከል ቆመዋል። በማዕዘኑ ላይ ያሉት ሁለት መስኮቶች ሲከፈቱ ማዕዘኑ ምሰሶ ስለሌለው የቤቱ ጥግ ይጠፋል፤ ክፍሉ ከውጭው አየር ጋር አንድ ይሆናል። በዚህ ቤት ጥቁር እንደ ሮማው ግድግዳ ሰፊ መደብ ሳይሆን መስመር ነው፤ ኩል ነው ማለት ይቻላል። የሆላንድ ሰማይ አብዛኛውን ዓመት ደመናማ፣ ብርሃኑም ለስላሳ ስለሆነና መስኮቶቹም ሰፊ ስለሆኑ መስመሩ ይበቃል። በአንዲት ትንሽ መስኮት ብርሃን በምታገኝ ክፍል ውስጥ ይህንኑ መገልበጥ ግን የተለየ ውጤት እንደሚሰጥ መገመት አያዳግትም።

ሽሮደር በዚህ ቤት 60 ዓመት ኖራ በ1985 ሞተች። ሪትፌልትም ሚስቱ ከሞተች በኋላ የመጨረሻ ዓመታቱን በዚያው አሳልፎ በ1964 አርፏል። ለረጅም ጊዜ የታሪክ መጻሕፍት ቤቱን የእርሱ ሥራ ብቻ አድርገው መጥቀሳቸው ለባለቤቲቱ አልተገባም፤ ክፍሉን የከፈተችው እርሷ ናት። ከሪትፌልት ጋር ሠርቶ የነበረው አርክቴክት በርቱስ ሙልደር በ1970ዎቹ ውጫዊውን ገጽ አደሰ፤ ሽሮደር ካረፈች በኋላም ውስጡን ወደ 1920ዎቹ መልኩ መለሰው። ቤቱ በ1987 ለጎብኝ ተከፍቶ በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ። የ60 ዓመት ኑሮ ምልክት ተፍቆ ወደ መጀመሪያው ቀለም መመለሱ የሚያከራክር ውሳኔ ነበር። ቢሆንም መጀመሪያ የነበረው ቀለም ባይታወቅ ኖሮ ክርክሩም ባልተነሣ ነበር።

በኢትዮጵያ ደማቅ ቀለም ያለው የቤት ውስጥ ጌጥ ሲነሣ በቀዳሚነት የሚጠቀሰው የሐረር ቤት ነው። ወለሉና እንደ መደብ ደረጃ በደረጃ የተሠሩት ነደባዎች ቀይ ናቸው፤ ግድግዳው ነጭ፣ በላዩም ባለቀለም የስፌት ሥራዎች ተሰቅለውበታል። ቀዩ በ1887 በጨለንቆ የፈሰሰው ደም መታሰቢያ እንደሆነ በሕዝቡ ይነገራል። በዚያ ቤት ቀዩን ከስፌቱ ቀለም የሚለየው ነጭ ኖራ ነው፤ የጥቁርን ሥራ ነጭ ይሠራዋል።

የመሐል አገሩ ቤት ሌላ መንገድ ሄደ። ቆርቆሮ ክዳን ሲመጣና ማድቤቱ ከዋናው ቤት ሲለይ የጎጆው የሚያብረቀርቅ ጥቁር ጣራ ቀረ። የጭቃው ግድግዳ መጀመሪያ በጋዜጣ ተለበጠ፤ አቅም ሲገኝ ኖራ፣ ከዚያም የዘይት ቀለም ተቀባ። ውኃ ሰማያዊ፣ ቅጠልያና ሮዝ የተለመዱ ሆኑ። ወለሉ በቀይ የተበጠበጠ ሲሚንቶ ሊሾ ሆኖ በሰም ይወለወላል። በብዙ አሮጌ የአዲስ አበባ ቤቶች የግድግዳው ግርጌ፣ ዞኮሎው፣ ጥቁር ወይም ለጥቁር የቀረበ ቀለም ነበረው። ምክንያቱን የጠየቀ ሰው የሚያገኘው መልስ የመወልወያው ውኃ ሲረጭ እድፉ እንዳይታይ የሚል ነው፤ ቪትሩቪየስን ማንም ሳያነብ ያው መመሪያ ተገኝቷል። ጥቁሩ ዞኮሎ እድፍ ከመደበቁም ሌላ ቀዩን ወለል ከሰማያዊው ግድግዳ ይለያል፤ እርሱ ባይኖር ሁለቱ ቀለሞች ይጣላሉ። በርካሽ ቀለምና በአንድ ቡሩሽ የተሠራ ሥራ ቢሆንም የቅንብር ዕውቀት አለበት።

ይህን ዕውቀት የያዙት ቤቶች በአዲስ አበባ ነባር ሰፈሮች በቅርብ ዓመታት በብዛት ፈርሰዋል። ከመፍረሳቸው በፊት ልካቸው የተወሰደ፣ ፎቶግራፋቸው የተነሣ አንዳንድ አሉ፤ ሥዕሉ ግን አብዛኛውን ጊዜ የፊት ገጹን፣ በረንዳውንና የእንጨት ጌጡን እንጂ የክፍሎቹን ቀለም አያሳይም። ቀለምን መመዝገብ ከባድ ሥራ አይደለም። የግድግዳውን ጥግ በስለት ፍቆ ከጋዜጣው እስከ መጨረሻው የዘይት ቀለም ያሉትን ድርቦች በቅደም ተከተል መጻፍ፣ ቤቱን ያስቀባችውን እናት ወይም የቀባውን ሰው ጠይቆ ምክንያቱን መያዝ ግማሽ ቀን የማይሞላ ተግባር ነው። ይህ ሳይደረግ ሲቀር ቀዩ ሊሾ ከነጥቁር ዞኮሎው ተሰባብሮ ከሌላው ፍርስራሽ ጋር ይጫናል።